ዘጠኝ ሰዓት በባንኮክ

እቴቴ አዲስ አበባ ላይ የሞላችውን የእጅ ሰዓት በየትኛውም ሀገር ሰማይ ሥር አትነካካውም። ለንግድ ዱባይ በተመላለሰችባቸው ዓመታትም አልነካችውም። «ሰዓት ሀገሩን ከረሳ ምኑን ሰዓት ሆነ» ትላለች። ይህ ጠባይዋ ማንንም ጎድቶ አያውቅም ነበር። የጎዳው እኔን ነው፤ እሱም አንድ ቀን ብቻ፣ እሱም ሆዴን።

እቴቴ አክስቴ ናት፤ ታናሿ እናቴ ሳትቀር ቤተሰቡ ሁሉ እቴቴ ነው የሚላት። መጋቢት 2016 ላይ ለምርመራ ባንኮክ ይዣት ሄድኩ። ለእኛ ሀገር ሰው ለሕክምና ባንኮክ መሄድ እንግዳ ነገር አይደለም። ቦሌ ሰልፉ ላይ ቆሜ ሳይ ገሚሱ መንገደኛ የራጅ ፖስታ ታቅፏል፣ ገሚሱ እንደ ላባ የቀለለ ባዶ ሻንጣ ይጎትታል። የፊተኛው ታካሚ፣ የኋለኛው ነጋዴ መሆኑ ነው። እቴቴ ሁለቱንም ይዛለች። መርካቶ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የሸጠች ሴት ባዶ ሻንጣ ሳትይዝ ከሀገር አትወጣም።

ምርመራው በሁለት ቀን አለቀ። ለውጤቱ ከነገ ወዲያ ጧት ኑ ተባልን። (ውጤቱ ደህና ነበር። አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ ሆዱን ይዞ እንዳይከተለኝ ነው፤ በዚህ ወግ ውስጥ ሆዱን የሚይዘው እኔ ብቻ ልሁን።) የቀጠሮ ካርዱ ላይ የተጻፈው ዓመት 2567 ይላል። ታይላንዶች ዘመናቸውን የሚቆጥሩት ከቡድሃ ዕረፍት ጀምረው ስለሆነ ከፈረንጁ 543 ዓመት ይቀድማሉ፤ እኛ ደግሞ ሰባት ስምንት ዓመት እንዘገያለን። እቴቴ ካርዱን ራቅ አድርጋ አየችውና «ከ551 ዓመት በኋላ ነይ ነው የሚሉኝ?» አለች። ሒሳቡን በቃሏ ነው የሠራችው። ልክ ነበረች።

እንግዲህ መሃል ላይ አንድ ባዶ ቀን ተገኘ። እውነቱን ለመናገር እኔ ለዚያች ቀን ከተዘጋጀሁ ሰንብቻለሁ። ስልኬ ላይ ሁለት ዝርዝር ነበረኝ፤ የሚታዩ ቦታዎችና የሚበሉ ምግቦች። የሚታየው አምስት፣ የሚበላው አሥራ አራት። ዝርዝሩን ማታ ሳነብላት ዝም ብላ አዳመጠችኝና ስጨርስ «ሁዳዴ መሆኑን ረስተኸዋል?» አለች።

አልረሳሁትም። ግን እንዳልረሳ ሰው አልተሰናዳሁም።

«የታመመ ሰው አይጾምም፣ የንስሐ አባትሽም ነግረውሻል» አልኳት።

«ማን ታመምሽ አለኝ? ውጤቱ ገና ከነገ ወዲያ ነው።»

ይህን የሚረታ ክርክር እስከ ዛሬ አላገኘሁለትም።

ያዳነችን ሆስፒታሉ ውስጥ በአማርኛ የምታስተረጉመው ልጅ ናት። ችግራችንን ስትሰማ ሳቀች። «አትጨነቁ፣ እዚህም ጾም አለ። ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ 17 የሚመስል ጽሑፍ ፈልጉ» አለችን። 17ቱ ቁጥር አይደለም፤ «ጄ» ተብሎ የሚነበብ የታይ ጽሑፍ ነው። ቻይናዎች ይዘውት የመጡት ጾም ስም ነው፤ ሥጋ የለ፣ ዓሣ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ። የጾሙ ዋና በዓል በፈረንጅ ጥቅምት ገደማ ለዘጠኝ ቀን የሚውል ቢሆንም የቻይናዎቹ ሰፈር ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚሸጡት አሉ። እንዲያም ሆኖ ልጅቷ አንድ ወረቀት ላይ በታይኛ አንድ አንቀጽ ጽፋ ሰጠችን። «እዚህ ሀገር የዓሣ መረቅ የማይገባበት ነገር የለም፤ ቅጠሉም ዓሣ ነው፣ ሩዙም ዓሣ ነው» አለች። እቴቴ ወረቀቱን አጣጥፋ የዳዊቷ ማኅደር ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጣን። ፀሐይዋ ገና ብቅ ስትል ወበቁ ግን ቀድሟት ተነሥቷል። ከሆቴላችን ጥግ ላይ ብርቱካንማ ልብስ የተጎናጸፉ መነኮሳት ባዶ እግራቸውን፣ ትልልቅ ሳህን አቅፈው፣ በሰልፍ ይሄዳሉ። ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው፣ ተንበርክከው፣ ሩዙንና ወጡን በላስቲክ አሥረው ሳህኑ ውስጥ ይጨምራሉ። እቴቴ ቀጥ ብላ ቆመች።

«የቆሎ ተማሪዎች!» አለች።

እውነትም አንድ «በእንተ ስለ ማርያም» ማለት ብቻ ነው የቀራቸው። እነዚህ በዝምታ ነው የሚለምኑት፤ እንዲያውም መለመን አይሉትም፣ ሰጪው እንዲጸድቅ ዕድል መስጠት ነው። እኔ ይህን ሳብራራ እቴቴ ቦርሳዋን ፈትታ ነበር። ከአዲስ አበባ የያዘችውን ገብስ ቆሎ እፍኝ ሙሉ ዘግና ከሰልፉ ጫፍ ወዳለው ልጅ ሄደች። ሴት መነኩሴ መንካት አይፈቀድላትም ብዬ ልጮህ ስል፣ እሷ ሳትነካው ከላይ ለቀቀችለት። ቆሎው ሳህኑ ላይ እንደ በረዶ ተንጣጣ። ልጁ ሃያ ዓመት አይሞላውም። ሳህኑን ወደ ውስጥ አየ፣ እቴቴን አየ፣ ከዚያ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ እንደ ዜማ ያለ ነገር አነበነበ።

«ምን አለኝ?»

«መረቀሽ።»

«በምን ቋንቋ?»

«ፓሊ ይባላል። እንደ ግዕዝ በይው፤ የሚጸልዩበት እንጂ የሚያወሩበት አይደለም።»

«እንግዲያው ደህና» አለችና ነጠላዋን አስተካከለች።

መንገድ ላይ፣ እነዚህ መነኮሳት ከቀትር በኋላ እስከ ማግስቱ ንጋት እህል እንደማይቀምሱ ነገርኳት። ደስ አላት። እኔ ግን ሳሰላው ደነገጥኩ። እሷ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አትበላም፤ እነሱ ከስድስት ሰዓት በኋላ አይበሉም። ሁለቱን ሥርዓት የሚያጋጥም ሰው ቢኖር በሕይወቱ ቁርስም ምሳም እራትም አያይም።

ከፕራቱናም ጀልባ ተሳፈርን። ሴን ሴብ የሚባለው ቦይ በ1837 (ከዚህ ወዲህ ዓመቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው) ንጉሥ ራማ ሦስተኛ ወደ ካምቦዲያ ለሚዘምት ጦር ማጓጓዣ ያስቆፈረው ነው። ዛሬ የሚዘምትበት የቢሮ ሠራተኛ ነው። ውሃው ጥቁር ነው፤ ሽታውን አልናገርም፣ ጾመኛ ያነበዋል። ጀልባው ሳይቆም ይቆማል፤ ዘለህ ትገባለህ፣ ዘለህ ትወጣለህ። ሒሳብ የሚሰበስበው ልጅ ደግሞ የራስ ቁር አድርጎ፣ በጀልባው ውጭ በኩል ባለች የእግር መርገጫ ጠርዝ ላይ፣ አንድ እጁን ገመድ ላይ አንጠልጥሎ ይሄዳል። ድልድይ ሲመጣ ጣሪያው ዝቅ ይላል፣ ልጁም ከጣሪያው ጋር ዝቅ ይላል።

«ወያላ!» አለች እቴቴ፤ ዘመድ ያገኘች ያህል ነው የተደሰተችው። ለሁለታችን ሃምሳ ባህት ሰጥታው መልሱን እስኪያመጣ በዓይኗ አልለቀቀችውም። ልጁ ጀልባውን ዙሮ፣ ሁለት ድልድይ አጎንብሶ አልፎ፣ መልሱን ሳንቲም ሳያጎድል አመጣላት። «ከኛው ይሻላል» አለች።

ውሃው እንዳይረጨን ዳር የተቀመጠ ሰው ገመድ ስቦ ላስቲክ መጋረጃውን ከፍ ማድረግ አለበት። ዳር የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ገመዱን እየሳብኩ፣ እግረ መንገዴን ዘጠኝ ሰዓት ስንት እንደቀረው አሰላሁና «ሰባት ሰዓት ነው የቀረን» አልኳት። እቴቴ ሰዓቷን አየች።

«አሥራ አንድ» አለች።

ያኔ ነው የገባኝ። ሰዓቷ አዲስ አበባ ነው። ባንኮክ ከአዲስ አበባ አራት ሰዓት ይቀድማል። የእቴቴ ዘጠኝ ሰዓት የሚሞላው እዚህ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

ገመዱ ከእጄ አመለጠ። የረጨን ውሃ ያን ጊዜ የረጨን ነው።

እስከምንወርድ ድረስ ተከራከርኩ። ፀሐይዋ የምትወጣው እዚህ ነው፣ የምትጠልቀውም እዚህ ነው፣ ጾሙም በፀሐይዋ ነው የሚሄደው አልኩ። እሷ ነጠላዋን እየጨመቀች «ቅዳሴው የሚወጣው የት ነው?» አለች። «እዚያ ሰዉ ሁሉ ሳይቀምስ ባሕር ተሻግሬያለሁ ብዬ ቀድሜ ልብላ? አንተ ከፈለግህ ብላ። እኔ አልቆጣህም።»

እቴቴ አልቆጣህም ካለች ነገሩ አብቅቷል።

ከወረድንበት ወደ ቤተ መንግሥቱ በቱክ ቱክ ሄድን፤ እቴቴ ባጃጅ ነው የምትለው፣ ነውም። የቤተ መንግሥቱ ግንብ ጥግ ጋ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ደረቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ ሰው ፈገግ ብሎ ቀረበንና በእንግሊዝኛ ዛሬ ጧት በበዓል ምክንያት ዝግ ነው፣ እስከ ሰባት ሰዓት በአርባ ባህት ሌላ ቤተ መቅደስ ላሳያችሁ አለ። እኔ ልስማማ ምንም አልቀረኝም። እቴቴ ክንዴን ይዛ ወደ በሩ ጎተተችኝ።

«ደላላ ነው።»

«የሚለውን መች ሰማሽው?»

«ደላላ በአፉ ነው እንዴ የሚታወቀው? ሲስቅ ዓይኑ ኪስህ ላይ ነው።»

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሕዝቡ እንደ ጥምቀት ይጎርፋል። ኋላ ስሰማ የዚያ ሰው ጉዞ መጨረሻው የዕንቁ ሱቅ ነው። ለዘመናት ቱሪስት ሲያጠምዱበት የኖሩት ዘዴ ነው አሉ።

በሩ ላይ ግን እኔ ተመለስኩ። ቁምጣ ለብሻለሁ፤ ቁምጣ ለብሶ አይገባም። እቴቴ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በወረደ ቀሚስና በነጠላ ነበረች፤ ዘበኛው እጆቹን አጋጥሞ እጅ ነሥቶ አሳለፋት። እኔ መንገዱን ተሻግሬ፣ በሁለት መቶ ባህት ዝሆኖች የሚራወጡበት ሰፊ ሱሪ ገዛሁ። የቀረውን ቀን ሁሉ በዚያ ሱሪ ነው የዋልኩት። እቴቴ ጨርቁን በሁለት ጣቷ ፈትሻ «አንድ እጥበት አይችልም» ብላኛለች።

ስለ ቤተ መንግሥቱ ብዙ መጻፍ ይቻል ነበር፤ ወርቁ፣ የመስታወቱ ስብርባሪ፣ ወርቃማውን ማማ ተሸክመው የቆሙት ጭራቆች። የሰው ብዛት ግን ከሁሉም ፊት ይቆማል። 500 ባህት ከፍለህ የምታየው ባመዛኙ የሌላ ሰው ስልክ ነው። ዋናው ነገር፣ ንጉሥ ራማ አንደኛ ከተማዋን በ1782 ከቆረቆሩ በኋላ እዚህ ያስገቡት አረንጓዴው ቡድሃ ነው። ቁመቱ 66 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከረጅም ዙፋን ጫፍ ላይ ስለተቀመጠ ይበልጥ ያንሳል። በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በበጋ፣ በዝናብና በብርድ ወራት መግቢያ፣ ንጉሡ ራሳቸው ልብሱን ይለውጡለታል። እቴቴ ወደ ውስጥ አልዘለቀችም፤ ከደጁ ሆና አሻግራ አየች። «የኛ ታቦት አይታይም» አለች። «የነሱ ደግሞ ይታያል፤ ግን እንዳታየው አድርገው ሰቅለውታል። ያው ነው።»

እዚያው ጥላ ፈልገን ቁጭ እንዳልን ሌላ ነገር ነገርኳት። ይህ ቤተ መንግሥት ያረፈበት መሬት ላይ የቻይና ነጋዴዎች ይኖሩበት ነበር፤ ግንባታው ሲጀመር ተነሥተው ሳምፔንግ ወደሚባል ቦታ ሄዱ፤ የዛሬው የቻይናዎች ሰፈር የበቀለው ከዚያ ነው።

«የልማት ተነሺ ናቸዋ» አለች እቴቴ። «ምትክ ቦታው ይሄው አተረፋቸው። ወደዚያ ነው ዛሬ የምንሄደው?»

ወደዚያ ነበር። በመካከሉ ግን ዋት ፖ አለ፤ እዚያ ከ1832 ጀምሮ በጎኑ የተኛ ቡድሃ አለ፤ 46 ሜትር ርዝመት፣ 15 ሜትር ከፍታ። ለመግባት ጫማ ይወለቃልና እቴቴ ጫማዬን ተረከበችኝ። ከጀርባው በኩል 108 የነሐስ ሳህኖች ተደርድረዋል፤ ሰዉ ሳንቲም አንድ በአንድ እየጣለ ያልፋል፤ አዳራሹ በዚያ ድምፅ ያለማቋረጥ ይንቆረቆራል። ስወጣ የእግሩን ፎቶ አሳየኋት፤ የውስጥ እግሩ በሉል ቅርፊት በተሠሩ 108 ምልክቶች ያብለጨልጫል።

«ይሄ እግር መንገድ አያውቅም» አለች።

«ኧረ አርባ አምስት ዓመት በእግሩ እየዞረ አስተምሯል ይላሉ።»

ፎቶውን ደግማ አየችው። «እንግዲያው ይተኛ» አለች።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ ነው። ወንዙ ዳር፣ ታ ቲየን ወደሚባለው የጀልባ ማቆሚያ ወረድንና እቴቴን ነፋስ የሚመጣበት አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳት። ሽታው ከግራም ከቀኝም ይመጣል፤ የሚጠበስ፣ የሚቀቀል፣ ከሰል ላይ የሚንጠባጠብ። ከገበያው ውስጥ ደግሞ ቶክ፣ ቶክ፣ ቶክ የሚል ድምፅ ይሰማል።

እቴቴ ጆሮዋን ቀሰረች። «ቡና እየወቀጡ ነው?»

«እስቲ አይቼ ልምጣ» አልኩ።

ቡና እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከዝርዝሬ ሁለተኛው ላይ ያለው ሶም ታም ነው። አንዲት ሴት በትልቅ የሸክላ ሙቀጫ ያልበሰለ ፓፓያ እንደ ክር ከትፋ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ረጃጅም ፎሶልያ፣ ሎሚ፣ የዘንባባ ስኳርና ቃሪያ ጨምራ በእንጨት ዘነዘና ትወቅጣለች። ቅጠላ ቅጠል ነው፣ ጾም ነው፣ ሰዓቱ ነው እንጂ ነገሩ ንጹሕ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሴትዮዋ ቃሪያ አንሥታ ስንት ላድርግ በሚል ጣቷን ቆጠረች። ፈረንጆቹ አንድ ጣት ነው የሚያሳዩት። እኔ የሚጥሚጣ ሀገር ልጅ አምስቱንም ጣቴን ዘረጋሁ። ሴትዮዋ ፊቴን አየች፣ የዝሆን ሱሪዬን አየች፣ ትከሻዋን ነቀነቀችና ጨመረች።

የዚያች ቃሪያ ስም በታይኛ «የአይጥ ኩስ» ማለት ነው፤ ትንሽ ስለሆነች። የኛም የነሱም ቃሪያ ፖርቱጋሎች ባሕር ከተሻገሩ በኋላ ከአሜሪካ የመጣ የአንድ ዘር ልጅ ነው ይባላል። እንግዲህ ወንድማማቾች ከሆኑ ታላቁ እዚህ ነው ያለው። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ጆሮዬ ጭው አለ። አራተኛው ላይ ከታች የደረቁ ትናንሽ ሽሪምፖች አየሁና ሥራው ከልክ ማለፉን ተረዳሁ፤ ግን የጀመሩትን መተው ነውር ነው። ስጨርስ ዓይኔ፣ አፍንጫዬና ግንባሬ በአንድነት ይፈሳሉ።

እንደዚያ ሆኜ ተመለስኩ። እቴቴ ቀና ብላ አየችኝና ፊቷ ተለዋወጠ።

«አንተ! ምነው? ምን ሆንክ?»

መናገር አልቻልኩም። ምላሴ የለም። ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ።

«ና፣ ና ተቀመጥ» አለችና እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። «ስለ ነገው ውጤት ነው? ሆድ ባሰህ?»

ሆዴን እንደባሰኝ ምንም ጥርጥር የለውም። «አዎ» አልኩ።

«እናትህም እንዲህ ናት፤ ሆደ ባሻ» አለች። በነጠላዋ ጫፍ እንባዬን ጠረገችልኝ። «አታልቅስ የኔ ጌታ። ምን እሆናለሁ ብለህ ነው? ስንቱን ያሳለፍኩ ሴት ነኝ። ገና ያንተን ልጅ ክርስትና አነሣለሁ።» ይህን ስትለኝ እንባዬ ባሰ፤ ግማሹ ከቃሪያው፣ ግማሹ ከኅፍረት። አጠገባችን የተቀመጡ አሮጊት ሳይቀሩ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ይህንንም እዚያ ያደርጉታል ማለት ነው።

ትንሽ ቆይታ «ቡና ነበር?» አለች።

«አይደለም» አልኩ።

ብርቱካን ባንዲራ ባላት ጀልባ፣ ለሰው 16 ባህት ከፍለን፣ ራቻዎንግ ወረድን። ጀልባዋ ጢም ብላለችና ተጠጋግተን ነው የቆምነው። እቴቴ አንድ ጊዜ ወደኔ ዞራ አየር ሳብ አደረገችና «ይሄ ወንዝ ዓሣ ዓሣ ይላል» አለች። «እጅግ» አልኩ፤ ፊቴን ወደ ውሃው አዙሬ።

ሳምፔንግን ያየ ምናለሽ ተራ ናፈቀኝ አይልም፤ መጥቶለታል። መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም፤ በዚያ ላይ ሞተር ብስክሌት ይመጣል፣ በዚያ ላይ ስልቻ የቆለለ ጋሪ ይመጣል፣ ባለ ጋሪው እየጮኸ ያልፋል። ቃሉ አይገባህም፤ ትርጉሙ «ከጀርባህ!» እንደሆነ ግን እግርህ ቀድሞ ያውቃል። እቴቴ እዚህ ስትገባ ሃያ ዓመት ቀነሰች። በውሃ ጥምና በረሃብ ከእኔ ብሳ መድከም የነበረባት ሴት ከሱቅ ሱቅ ታስሮጠኝ ጀመር። ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ዳንቴል፣ ጥልፍ፣ ሪባን። ባለሱቋ ካልኩሌተር ላይ ቁጥር ጽፋ ታሳያታለች፤ እቴቴ ታጠፋውና የራሷን ትጽፋለች፤ ባለሱቋ ልቧን ይዛ እንደ መሞት ትላለች፤ እቴቴ ዞር ብላ ትራመዳለች፤ ትጠራለች። አንድ ቃል አልተለዋወጡም። እኔ በእንግሊዝኛ ልረዳ ስሞክር ሁለቱም እኩል ገላመጡኝ። ዳንቴሉ መጨረሻ ላይ ከተጠራው ከግማሽ በታች ነው የሄደው። ባለሱቋ ውሃ ጋበዘቻት፤ እቴቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰዓቷን አሳየቻት። ባለሱቋ ምን እንደገባት አላውቅም፤ ግን በአክብሮት ውሃውን መለሰች።

ሊዘጋ ሲል ዋት ትራይሚት ደረስን። እዚህ ያለውን ታሪክ እቴቴ ወዳዋለች፣ ስለዚህ በደንብ ልናገረው። ለዘመናት ማንም ዞር ብሎ ያላየው፣ በጭቃና በኖራ የተለሰነ አንድ ትልቅ የቡድሃ ሐውልት ነበር። በ1955 ወደ አዲስ ቤት ሊያዛውሩት ሲያነሡት ክብደቱ ገመዱን በጠሰና ወደቀ። ልስኑ ሲፈነከት ከሥሩ ወርቅ ብልጭ አለ። 5.5 ቶን ወርቅ! በጥንት ዘመን ጠላት እንዳይዘርፈው ብለው እንደለሰኑት ይታመናል፤ የለሰኑት ሰዎች ሞቱ፣ ምስጢሩም አብሮ ተቀበረ።

«ብልጦች» አለች እቴቴ። «እኛም በጠላት ጊዜ ታቦቱን ዋሻ ከተን የለ። የኛ ግን የሚያወጣው ሰው ይታወቅ ነበር።» ቀጥላም «ስንት ነገር ተለስኖ የሚቀር አለ» ብላ ወደኔ አየች። ያን ጊዜ ስለ ወርቁ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ሁዋላምፖንግ ባቡር ጣቢያ ቅዝቃዜ ፍለጋ ገብተን ነበር። በድምፅ ማጉያው ብሔራዊ መዝሙር ተለቀቀ። በየቀኑ ጧት በሁለት ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይለቀቃል፤ ሁሉም ሰው ባለበት ይቆማል። የሚሮጠው ቆመ፣ ስልክ የሚያወራው ቆመ፣ እቴቴ ገና ሳልነግራት ሻንጣዋን አስቀምጣ እጆቿን በጎኗ አውርዳ ቆማለች። «ድሮ ባንዲራ ሲወርድ እኛም አንንቀሳቀስም ነበር» አለች ሲያበቃ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል በዝሆን ሱሪው ወዲያ ወዲህ ሲል የተገኘው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ያዎራት ጎዳና ሲመሽ ነው የሚነሣው። የቻይና ጽሑፍ ያለበት የመብራት ሰሌዳ በላይ በላዩ ተነባብሮ ይበራል፤ አስፋልቱ ላይ ድስቱ ይንጣጣል፤ ሰዉ ቆሞ ይበላል፣ እየሄደ ይበላል፣ መኪና መሃል ለመሃል ወንበር ዘርግቶ ይበላል። እኔ 17 ስፈልግ እቴቴ አገኘችው፤ ቢጫ ባንዲራ፣ ቀይ ጽሑፍ፣ አንዲት ጎበጥ ያሉ ሴትዮ ምጣድ እያሟሹ። ወረቀቱን ከዳዊቷ አውጥታ ሰጠቻቸው። አነበቡና ሳቁ፤ ከዚያ አንድ ጣታቸውን አንሥተው «ኑንግ ቱም» አሉ።

«አንድ ሰሃን ብቻ ነው ያለኝ ነው የሚሉት» አልኩ።

«አንድ ሰዓት ላይ ነው የምጀምረው እያሉህ ነው» አለች እቴቴ።

ዓለም ሁሉ እንደኛ ሰዓት የሚቆጥር ይመስላታል ብዬ ልስቅ ስል አስተርጓሚዋን ልጅ ደወልኩላት። እቴቴ ልክ ናት። ታይላንዶች የምሽቱን ሰዓት ከፀሐይ ጥልቀት በኋላ አንድ ብለው ይጀምራሉ፤ ፈረንጁ ሰባት የሚለው ለእነሱም ለእኛም አንድ ነው፤ እስከ አምስት ሰዓት ድረስ እኩል እንሄዳለን። ስምንት ሰዓት ተኩል በረን እንደኛው የሚቆጥር ሰው አገኘን። እቴቴ አልገረማትም። ሰዓቷን አሳየችኝ፤ ለዘጠኝ ስድስት ደቂቃ ይቀረዋል።

ስድስቱ ደቂቃ እንደ ሕማማት ነው ያለፈው። ሲሞላ አማተበች፣ አቡነ ዘበሰማያት ደገመች፣ ውሃዋን በሦስት ጉንጭ ጠጣች። ሴትዮዋ ሩዝ ኑድል በቶፉና በእንጉዳይ አቀረቡልን። እቴቴ ቀመሰች፣ አላመጠች፣ አሰበች።

«ሽንኩርት የለውም።»

ደግሜ ደወልኩ። ጄ የሚጾም ሰው ቀይ ሽንኩርትም፣ ነጭ ሽንኩርትም፣ ባሮም አይበላም፤ ስሜት ያነሣሣል ይላሉ። ይህን ስነግራት ማንኪያዋን አስቀመጠች። በሕይወቷ በጾም የሚበልጣት ሰው ስታይ የመጀመሪያዋ ነው መሰለኝ።

«ሽንኩርት ምን አደረጋቸው?» አለች በዝግታ። ሴትዮዋን ቀና ብላ አየቻቸው፤ እጅ ነሣቻቸው፤ እሳቸውም መለሱላት። ከዚያ ሳህኗን ጠርጋ በላች።

ከወዲያ ጥግ ቶክ፣ ቶክ፣ ቶክ የሚል ድምፅ መጣ። እኔ ሳህኔ ላይ አቀረቀርኩ። እቴቴ ጆሮዋን ቀሰረች፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ሂድና ያንን ቡና አምጣልኝ» አለች። «ያለ ዓሣው።»